የሰንበሌጥ ሦስተኛው ምርጫ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተተከለው መዝጋቢ ማሽን ይጠይቀን ነበር። "ዛሬ ውሃ በሦስት ሰዓት ይለቀቅ ወይስ በአምስት?" ይላል፣ ዜና አንባቢ በሚመስል ጥርት ያለ አማርኛ። እኛም ከአልጋችን ሳንወርድ እንመልሳለን። ምንም ብንመልስ ውሃው የሚመጣው በአራት ሰዓት ነው። የምርጫ ልምምድ ስለሆነ ነው ይሉናል። ሰባት ዓመት ሙሉ ተለማመድን።

ሐሙስ ደግሞ የተቃውሞ ቀን ነበር። እያንዳንዱ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ አንድ ነገር መቃወም ነበረበት። ጎረቤቴ እማማ ሶልያና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ነፋሱን ይቃወማሉ። መዝጋቢውም "ተመዝግቧል፣ እናመሰግናለን" ይላቸዋል። ፓርቲም ነበረን፤ ሀ እና ለ የሚባሉ። ከመንገዱ በግራ ያሉ ቤቶች ሀ፣ በቀኝ ያሉት ለ። የድጋፍ ኃይል የሚባለው የባዕድ ጦር የመጣ ሰሞን በየስብሰባው ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን መጨረሻ ላይ አንድ ሐሳብ ላይ ስንደርስ ባለሙያዎቻቸው ደነገጡ። "እዚህ ቦታ ሁሉም ሰው ይስማማል፤ በስውር የሚያስገድዳቸው አለ" ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱን መሐል አድርገው ለሁለት የከፈሉን።

እኔ አርሴማ ክንፈ እባላለሁ። አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የከተማችን የሰንበሌጥ እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ዕድሜዬን ቃለ ጉባኤ ስይዝ ስለኖርኩ ይህንንም እንደ ቃለ ጉባኤ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የተገኙ፣ ያልተገኙ። አልሆነልኝም።

የድጋፍ ኃይሉን በእልልታ ነው የተቀበልኩት። ይህን አልክድም። ከእነሱ በፊት የላይኛውን ሸለቆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የገዛው ሰው አዛዡ ነው የሚባለው፤ ስሙን መጥራት ስለሚያስቀጣ ስሙን ረስተነዋል። ወንድሜን ከወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ አስወሰደብኝ፤ ያ ልጅ በዚያው ቀረ። ምርጫ ይደረጋል እያለ ሰባት ጊዜ አራዝሟል። አውሮፕላኖቹ መጥተው በሦስተኛው ቀን ሲፈረጥጥ፣ ድምፄ እስኪዘጋ እልል አልኩ። የዚያን ዕለት አንድ ሰው መጥቶ "ለመሆኑ ዲሞክራሲ በባዕድ ጦር ይገነባል ወይ?" ብሎ ቢጠይቀኝ በጥፊ ነበር የምለው።

ከዚያ የቅድመ ሁኔታው ዝርዝር መጣ። ሰንበሌጥ በተከታታይ ሦስት ንጹሕ ምርጫ ስታካሂድ ኃይሉ ለቅቆ ይወጣል፤ ማጣሪያውም ተከፍቶ የታሰሩት ይለቀቃሉ ተባለ። ማጣሪያው ከከተማው ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ካምፕ ነው። ከአዛዡ መንግሥት ደመወዝ የበላ ሰው ሁሉ እዚያ ገባ። ባሌ ኢዮስያስ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። መምህርም ደመወዝ ይበላል። "ለአጭር ጊዜ ነው" ብለው ወሰዱት፤ እኔም ሹራቡን ሳላስይዘው ሸኘሁት።

በወር አንድ ቀን ለአራት ደቂቃ በስክሪን መስታወት ላይ ያሳዩኝ ነበር። መጀመሪያ ኩላሊቱ ታመመ፤ በኋላ ዓይኑ ደከመ። በመጨረሻው ዓመት የማወራው ከፊቴ ራቅ ብሎ ወደ ግድግዳው ከሚያይ ሰው ጋር ሆነ።

"አርሴ፣ ጠጋ በዪ" ይለኛል።

"ተጠግቻለሁ እኮ።"

"እንግዲያ አውሪኝ፣ ድምፅሽን ልስማ። ምርጫው መቼ ነው?"

"ከወር በኋላ።"

"እደርሳለሁ" አለኝ። "ይሄኛውን እደርሳለሁ። ከዚህ የሚቀጥለውን ግን አላውቅም።"

ምርጫ በየሁለት ዓመቱ ነው። አንዱ ከተበላሸ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ይህም ማለት ስድስት ዓመት ነው። የማጣሪያው ሐኪም ስድስት ወርም ቢሆን ደፍሮ አልነገረኝም።

አሁን ስለ እድራችን መናገር አለብኝ። በሌላውም እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ተተክሎ ስም ይጠራል፤ ማን መጣ ማን ቀረ ለማለት ነው። የእኛ እድር አንድ ልማድ አለው። የሟች ስም፣ አርባው እስኪወጣ ድረስ፣ ስም በተጠራ ቁጥር ከሁሉም በፊት ይጠራል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይነሳና "አለ" ይላል። በሕይወት ያለነው የምንጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የድጋፍ ኃይሉ የወረዳችን ኃላፊ ሻምበል ሆልም ትርጉሙን ሲጠይቀኝ "ሐዘንተኛው ሞቱን እስኪለምደው ጊዜ እንሰጠዋለን" አልኩት። በትንሽ ማስታወሻው ጻፈው፤ ደስ ብሎት ነበር።

ችግሩ የመጣው መዝገቡን ሲወስዱት ነው። የአዛዡ የመራጮች መዝገብ በሌሉ ሰዎች ስም የታጨቀ ስለነበር፣ ሰው የሚያምነው የእድሩን መዝገብ ብቻ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ስም። ማሽን ሲጠራው የማይመጣው ሰው እድር ሲጠራው እንደሚመጣም አዩ። ስለዚህ ምርጫው በእድሩ ሥርዓት ይሁን አሉ። እኔ አደባባዩ ላይ በትልቁ መዝጋቢ ፊት ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ የተጠራው "አለሁ" ሲል መዝጋቢው ድምፁን ይለያል፤ ከዚያ ሰውዬው ኪሱ ውስጥ ያለችውን የመምረጫ ቁልፍ ማንም ሳያየው ይጫናል፤ ሀ ወይም ለ። በመጀመሪያው ምርጫ አርባቸው ያልወጣ ሦስት ሟቾች ነበሩን። ሦስቱንም ጠራኋቸው፤ ቤተሰቦቻቸውም "አለ" አሉ። መዝጋቢው ቀይ አበራ፤ በሟች ስም መገኘት ተብሎ ምርጫው ተሰረዘ። ስህተቱ የኛ ነበር፤ ማሽን ፊት ሐዘናችንን ይዘን ቀረብን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ምርጫ አለፈልን፤ በአርባ ቀን ውስጥ የሞተ ስላልነበረ ብቻ። አቶ ዮናታን፣ ሐኪም ሳምንት አይቆይም ብሎት እያለ፣ ምርጫው ባለፈ ማግሥት ነው ያረፈው። "ለወረዳው ብሎ ነው የቆየው" እያልን በለቅሶው ላይ ሳይቀር ስቀናል።

በሦስተኛው ግን ዕድል ፊቷን አዞረችብን። ምርጫው ሠላሳ ሦስት ቀን ሲቀረው ናሆም ተስፋልዑል ተገደለ።

ናሆም ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ የውሃ ፓምፑን የሚጠግነው እሱ ነው። አመሻሽ ላይ ቧንቧ ሊያጠብቅ የድጋፍ ኃይሉ ካሰመረው የክልከላ መስመር አንድ እርምጃ አለፈ። በራሪው ጠባቂ ማሽን ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀው፤ ቁም፣ ቁም፣ ቁም፣ በዚያው ጥርት ባለ አማርኛ። ናሆም የፓምፑ ጩኸት እንዳያደነቁረው ጆሮውን በመከላከያ ሸፍኖ ነበር። በማግሥቱ ሻምበል ሆልም ራሱ መጥቶ ከድንኳኑ ውጭ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ማንም ግባ አላለውም፤ እሱም ሁለት ሰዓት ያህል ቆሞ ሄደ።

ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው ቢሮው ሄድኩ።

"ሰባት ቀን ብቻ አራዝሙልን" አልኩት። "አርባው ይውጣ። ከዚያ ስሙ በሥርዓቱ ይሰረዛል፤ እናንተም ንጹሕ ምርጫችሁን ታገኛላችሁ።"

"ወይዘሮ አርሴማ፣ አዛዡ ምርጫ ስንት ጊዜ አራዘመ?"

"ሰባት ጊዜ።"

"ሁልጊዜም ምክንያት ነበረው?"

ነበረው። አንዴ ጎርፍ፣ አንዴ አንበጣ፣ አንዴ የእናቱ ተዝካር።

"እኛ የመጣነው በእናንተ አገር ምርጫ እንዳይራዘም ለማድረግ ነው" አለኝ። ከልቡ ነው የተናገረው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው እወጣ ነበር። "ስሙን አሁኑኑ መሰረዝ ይችላሉ። ሕጉ ይፈቅዳል። የሞተ ሰው መራጭ አይደለም።"

"እናቱንስ ምን ልበላቸው?"

"ለእናቱ ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ" አለኝ፤ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ባለቤትዎ እንዲወጡ እኔም እፈልጋለሁ" አለ።

የናሆም እናት እትዬ ሄራን ቤት የሄድኩት በማግሥቱ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው የልጃቸውን የሥራ ቱታ በሳፋ ሲያሹ አገኘኋቸው። ውሃው ጠቁሯል።

"የፓምፕ ዘይት አይለቅም እኮ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ሦስተኛ ውሃዬ ነው። ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ። ቱታውን ይዤ አብሬ ልጨምቅላቸው ስል አልከለከሉኝም። በአንዱ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው እኔ ሆነን ጠመዘዝነው።

"ስለ ኢዮስያስ ነው የመጣሽው" አሉኝ።

"ኩላሊቱ ነው፣ እትዬ። ስድስት ዓመት አይቆይልኝም።"

"አውቃለሁ። እኔስ ጠላሁ? ልጄ ካርታ ማንበብ የተማረው ከሱ አይደል? የዚህን ከተማ ቧንቧ ሁሉ በካርታ ሥሎ ግድግዳዬ ላይ የለጠፈው በማን ሆነና።"

"እንግዲያ ቅዳሜ ስሙን ስጠራ… ዝም ቢሉልኝ።"

ቱታውን ለቀቁት። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም።

"አርሴማ፣ የዚያን ቅዳሜ እኮ ለአርባው የሚቀረኝ ሰባት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን የለም፣ የለም እያልኩ ልኖር ነው። ሰባት ቀን አለ ብል ማንን በደልኩ?"

እኔን ይበድሉኛል ማለት ነበረብኝ። እንዴት ተብሎ ይባላል? ተነሥቼ ቱታውን ገመዱ ላይ አሰጣሁላቸውና ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ "አንቺ የመሰለሽን አድርጊ፤ ከጠራሽው ግን ዝም አልልም" አሉኝ ጮክ ብለው።

የምርጫው ዕለት፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አደባባዩ ሞላ። ሀ በግራ፣ ለ በቀኝ፣ በመሐል እኔና መዝጋቢው። እትዬ ሄራን ከፊት ለፊቴ ቆመዋል፤ ጥቁር ነጠላቸው ተጣጥፎ ትከሻቸው ላይ ነው። ሻምበሉ ከጀርባዬ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። መዝገቡን ገለጥኩ። አናቱ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት አለ፦ ናሆም ተስፋልዑል። አልሰረዝኩትም። መሰረዝ አልቻልኩም። ዓይኔ እሱ ላይ እያለ አፌ የሚቀጥለውን ጠራ።

"ሐናንያ ግርማቸው!"

ሐናንያ በያጁ ከእኔ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ቆሟል። አልመለሰም። ያልሰማ መስሎኝ ደገምኩ። ወደ እትዬ ሄራን ዞሮ አየ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

"መቅደላዊት አንተነህ!"

ዝም።

"መክሊት ዘሪሁን!"

ዝም። መክሊት የእህቴ ልጅ ናት።

እየጠራሁ ሄድኩ። ሠላሳ፣ ስልሳ፣ አንድ መቶ ስም። እማማ ሶልያናን ጠራሁ፤ ነፋስ የሚቃወሙት ሴትዮ ከንፈራቸውን ገጥመው አዩኝ። ሁለቱን ዕጩዎች ጠራሁ፤ ለመመረጥ ሁለት ወር የለፉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ዝም። እትዬ ሄራንን ጠራሁ። ፊታቸው ላይ ቂም አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሌላውን የደከመ ሰው እንደሚያይ አዩኝ፤ ግን አልመለሱም። ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ቢማከሩ ኖሮ ቃለ ጉባኤውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰንበሌጥ ማንም ሳያለማምዳት የወሰነችው ውሳኔ ያ ብቻ ነው። ሀ እና ለ አብረው ወሰኑት፤ እኔ ደግሞ መዝገብ ይዤ ከፊታቸው ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ኮራሁባቸው። ጠላኋቸውም። የሚቀጡት እኔን ነው፤ የሚሞትብኝ ባሌ ነው።

የጸሐፊዋ ስም የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የምርጫውን ሕግ ወደ አማርኛ ስንመልስ በንጹሕ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አንድ አንቀጽ አለው፤ የመራጮች ቁጥር ማነስ ምርጫውን ዋጋ አያሳጣውም የሚል። ሕጉን ባረቀቁት ሰዎች አገር ግማሹ ሕዝብ ሳይመርጥ ይውላል፤ መቅረትም መብት ነው ብለው የጻፉት ነው። ማንም ካልመለሰ ምርጫ አልተካሄደም ይባላል። አንድ ሰው ከመለሰ ግን ተካሂዷል።

ከዚህ በኋላ አላወቅኩም ነበር ብዬ መዋሸት አልችልም። አውቅ ነበር።

"አርሴማ ክንፈ" ብዬ ራሴን ጠራሁ። ያ ሁሉ ሰው አየኝ። ወደ ግድግዳ እያየ "ይሄኛውን እደርሳለሁ" ያለኝን ሰው አሰብኩ።

"አለሁ" አልኩ፤ ሀን ተጫንኩ።

መዝጋቢው አረንጓዴ አበራ። "ማጭበርበር፦ የለም። ግጭት፦ የለም። በሟች ስም መገኘት፦ የለም። ሀ፣ መቶ በመቶ። ምርጫው ንጹሕ ነው። ሰንበሌጥ፣ እንኳን ደስ ያለሽ።" ከዚያ ሙዚቃ ለቀቀ። ምርጫ ምስጢር ነው ይባላል፤ የኔ ምስጢር ግን ሙዚቃው ሳያልቅ ለከተማው ሁሉ ተነገረ። ሰዉ ሳይጨቃጨቅ ሳይሳደብ ወደየቤቱ ሄደ። ያሸነፈው ዕጩ በሩን ዘግቶ ተኛ አሉ።

ሻምበል ሆልም የማረጋገጫውን ወረቀት ፈረመ።

"ይሄ ይላካል?" አልኩት።

"ሕጉ ያዛል" አለኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። "ወይዘሮ አርሴማ፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት…" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ወረቀቱን ላከ።

በአምስት ቀን ውስጥ ነቅለው ወጡ። የሠሩልን ምክር ቤት በሩ እንደተቆለፈ ቀረ፤ ቁልፉን የሚቀበል ሰው ጠፋ።

ኢዮስያስ ዓርብ ረፋድ ላይ መጣ። ከመኪናው ሲወርድ እንደ ሕፃን ቀለለኝ፤ ሁለት ዓይኑም ጠፍቷል። ግቢውን ጠርጌ፣ አምስት ዶሮ አሠርቼ፣ ወንበር ደርድሬ ነበር። ከእስር የወጣ ሰው ቤት ጎረቤት ይግተለተላል፤ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ይባላል። አንድ ሰው አልመጣም። የእህቴ ልጅ መክሊት እንኳ በአጥር በኩል አየችንና አለፈች።

"ሰዉ ወዴት ሄደ?" አለኝ አመሻሽ ላይ።

"ሥራ ላይ ነው" አልኩት። አመነኝ መሰለኝ፣ ወጡን እያመሰገነ በላ።

በማግሥቱ ጠዋት የካስማ ድምፅ ቀሰቀሰው። ከመንገዱ ማዶ ድንኳን ይተከላል።

"ማን ሞቶ ነው?"

"የናሆም አርባ ነው። የእትዬ ሄራን ልጅ።"

እጁ ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። "ናሆም? የኔ ተማሪ?" አለ። የሞተበትን ሁኔታ ነገርኩት፤ ስለ ጆሮ መከላከያው ጭምር። አለቀሰ፤ ከማያየው ዓይኑ እንባ ሲወርድ ማየት አልለመድኩም ነበር። ሲረጋጋ ጠየቀኝ።

"ታዲያ አንቺ ጸሐፊዋ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ስም አትጠሪም?"

ነገርኩት። ሁሉንም፣ እንዲሁ እንዳሁኑ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ስንት ሰው መረጠ?" አለኝ።

"አንድ።"

"እኔ የወጣሁት በሱ ነው?"

"በሱ ነው።"

ተነሣ። እንድመራው እጄን ዘረጋሁለት፤ ሲነካው ጊዜ ቀስ አድርጎ ከላዩ ላይ አነሳው። ግድግዳውን፣ ከዚያ አጥሩን እየዳበሰ ወጣ። መንገዱ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ሮጬ ላነሳው በሩ ድረስ ደርሼ ቆምኩ፤ ተነሥቶ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው እንደ አዲስ ሲነሣ ደረሰ ማለት ነው ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ሄራን ናቸው፤ ኢዮስያስን ክንዱን ይዘው አምጥተውታል።

"ተቀበይኝ" አሉኝና እጁን በእጄ ላይ አስቀመጡ። "ቅልጥሙ ተገሽልጧል፤ ድንጋዩ ላይ ነው የወደቀው። ለብ ባለ ውሃ እጠቢለት፣ ጨው ጣል አድርጊበት።"

"ይግቡ፣ እትዬ" አልኳቸው።

"አይ፣ ድንኳኑ ሳይፈርስ ልሂድ" አሉ፤ ጥቁር ነጠላቸውን አስተካክለው መንገዱን ተሻገሩ። ውሃ ጣድኩ። ኢዮስያስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበልኝ። አጠብኩለት።